ከሕመምተኛ መሐላ ይፈለጋልን?

በሐይቅና በአምባሰል አገር አንድ ሰው ከአረቄ ወይም ከጫት ልለይ ብሎ በቈረጠ ጊዜ፥ ዘመዶቹ አስቀድመው የሚሹት መሐላውን ነው። ክርስቲያኑ በነፍስ አባቱ ፊት ይገዘታል፤ ሙስሊሙ በሼሁ ፊት ቃል ይገባል፤ ሽማግሌዎችም ይመሰክራሉ። ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም። ሰው ብቻውን ሊሸከመው ያልቻለውን ፈቃድ በፈጣሪና በጎረቤት ፊት ሲያስቀምጠው ሸክሙ ይቀልለታል፤ በዚሁም ጸንቶ ዳግመኛ ሳይቀምስ የኖረ ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ነገር ግን መሐላው ያልጸናለት፥ ሁለት ሦስት ጊዜም ምሎ ያፈረሰ ሰው በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት በመጣ ጊዜ፥ በዚያ የሚቀበለው ባለሙያ ምን ሊጠይቀው ይገባዋል? ዘመዶቹ እንደ ልማዳቸው «በል እንግዲህ በሐኪሙም ፊት ማል» ይሉታል። ባለሙያው ይህን መሐላ ይቀበለው ወይስ ይመልሰው? ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሥራው ሁሉ ግን የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ስለ ባለሙያው ማንነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ልዩ የአእምሮ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ይህ ልዩ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ የሚማሩት ባሕር ማዶ ነበር። ስለዚህ የሕዝቡን ሕክምና በብዛት የተሸከመው ከሐኪም በታች፥ ከተራው ነርስ በላይ የሆነ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን በጀመረ ጊዜ አሳቡ፥ ሐኪም ወደማይደርስበት አውራጃ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ሰው መላክ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ገደማ በአማኑኤል ሆስፒታል ነርሶች የአእምሮ ሕክምና እየተማሩ ወደ ክፍላተ ሀገር ይላኩ ጀመር፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ ሙያ ከፍ ባለ ማዕርግ ያስመርቃሉ። የሐይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ሐኪም ቢሻ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዞ ደሴ መውረድ አለበት፤ የውጫሌው ሰው ደግሞ ከዚያም ይርቃል።

ይህ ባለሙያ በሽተኛውን አያስተኛውም። ሕክምናው ተመላላሽ ይባላል፤ ሕመምተኛው መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነጋገራል፥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ይቀበላል፥ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሩ አይዘጋበትም፤ ዘበኛም አይከተለውም። በዚያው በሐይቅ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ያቀኑትን የእስጢፋኖስን ገዳም ያስተዋለ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። በዚያ መነኵሴውን ውኃው ከበበው፤ የገዳሙ ሥርዐት ሰዓቱን ከፈለለት፤ ወንድሞቹም እንደ እርሱ ይጾማሉ። ፈቃዱ ቢደክም እንኳ የሚደግፈው ብዙ ነው። ተመላላሹ ግን ካርዱን ይዞ ከግቢው በወጣ ጊዜ የሚቀበለው ትናንት የተለየው መንገድ ነው። ቅጠሉ በዚያው ሱቅ ደጅ ይፈታል፤ ባልንጀሮቹም በዚያው ቤት ተሰብስበው ቦታ ጠብቀውለታል።

የቦታ ነገር ቀላል እንዳይደለ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ከቬትናም ጦርነት ወደ አገራቸው የተመለሱትን የአሜሪካ ወታደሮች ሊ ሮቢንስ የተባሉ ሴት ምሁር ተከታትለው መረመሩ። በዚያ ሳሉ በሄሮይን ሱስ ከተያዙት መካከል፥ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ በሱሱ የተያዙት ከ100 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ ሲምሉ አልተሰሙም፤ አብዛኞቹም ሐኪም አላያቸውም። ሱሱን ያበቀለውን ምድር ትተውት መጡ። የሐይቅ ሰው ግን ሱሱን ያበቀለው ምድር አገሩ ነው፤ ርስቱም መቃብሩም በዚያ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሌላ አገር በመድኃኒት ማዘዣ አይታዘዝም።

ጫትም በዚያ አገር እንደ ባዕድ ነገር የሚነቀፍ ብቻ አይደለም። ስሙ በኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚገኘው ከጥንት ነው፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ይናገራል። ዛሬ በተሁለደሬና በአምባሰል ቅጠሉን ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ አለ፤ በአንዳንድ የዱዓ ቤትም ከቡና ጋራ ይቀርባል። የኢትዮጵያ ሕግ አልከለከለውም፤ ቀረጥም ይቀበልበታል። እንግሊዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ስትከለክለው፥ የዓለም ጤና ድርጅት ሊቃውንት ደግሞ በ2006 መርምረውት በዓለም ሕግ ይታሰር አላሉም። በቅጠሉ ውስጥ ሰውን የሚያነቃው ካቲኖን የተባለው ነገር በ1975 ተለይቶ ታውቋል፤ ቅጠሉ በደረቀ ጊዜም ኃይሉ ይቀንሳል፤ የጫት መኪና እንደ እብድ የሚበረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ባለሙያው የቅጠሉ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ፥ በገበያ ቀን ግማሹን አገር ሊከስስ ነው። የተላከው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ሌላው ሰው ሳምንት አልፎት የሚቅመውን፥ እርሱ ግን ሳይቅም ከአልጋው መነሣት ለማይችለው፥ ምርቃናውንም በማታ በአረቄ ካልሰበረ እንቅልፍ ለማይወስደው ሰው።

ወደ መሐላው እንመለስ። መሐላ መጀመሪያ የሚጐዳው ሥጋን ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው እሑድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ ቢምልና ቃሉን ቢጠብቅ፥ በዚያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ላብም ያጠምቀዋል። በሁለቱ ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ገደማ የሌለ ነገር እያየ፥ የሌለ ድምፅ እየሰማ ሊቃዥ ይችላል፤ ከዚህም የተነሣ የሚሞት አለ። ቤተ ሰቡ ግን መንፈስ ያዘው ይላል። በመሐላው የጸናው ሰው፥ መሐላውን ካፈረሰው ይልቅ ወደ ሞት ቀረበ ማለት ነው። ባለሙያው ለዚህ ሕመም ዲያዜፓም የሚባለውን መድኃኒት በመጠን ያዝዛል፥ ቲያሚን የሚባለውንም ቫይታሚን ይሰጣል፤ ሕመሙ የበረታውን ደግሞ በተመላላሽነት ሳይይዝ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ይኸውም ሰውዬው በውነት ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና የመጨረሻውን መቼ እንደ ጠጣ ነው። የማለ ሰው ደግሞ ይህን አይናገርም። (በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፥ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ መልካም ሕግ ነው፤ በየጓዳው የሚወጣው አረቄ ግን ማስታወቂያም አይሻ፥ የገዢውንም ዕድሜ አይጠይቅ።)

ከጫት የተለየ ሰው እንዲህ ባለ አደጋ አይወድቅም። ለርሱ የሚመጣበት ሐራራው ነው፤ ሰውነቱ ይዝላል፥ ልቡ ይከፋዋል፥ እንቅልፍ ይጫጫነዋል። ሌሊት ደግሞ ሕዝቡ ዱካክ የሚለው ነገር ይመጣበታል፤ በሕልሙ አንዳች ነገር ደረቱ ላይ ተጭኖ ያንቀዋል፥ ያባርረዋል፥ ከገደል ይጥለዋል። ያልተነገረው ሰው ዱካኩን ስለ ተወው ነገር የተላከ ቅጣት አድርጎ ያየዋል፤ በነጋታውም ይቅማል። ጥሩ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ «እንዲህ ያለ ሕልም ይመጣብሃል፥ ጥቂት ቆይቶም ይለቅሃል» ይለዋል። ለጫት ሱስ የተረጋገጠ ልዩ መድኃኒት ስለሌለ፥ ይህች ቃል ከመድኃኒቱ ክፍል ትቈጠራለች።

ከሥጋው ይልቅ የሚከብደው ግን የፈቃድ ነገር ነው። ጥንት በግሪክ አገር ሶቅራጥስ፥ ክፉ መሆኑን በውነት እያወቀ ክፉን የሚመርጥ ሰው የለም ይል እንደ ነበር አፍላጦን ጽፏል። አርስጣጣሊስ ግን ይህ በዐይን ከሚታየው ነገር ጋራ አይስማማም ብሎ፥ በጎውን እያወቀ በፍትወቱ ተሸንፎ ሌላውን ስለሚሠራ ሰው ረጅም ምዕራፍ ጻፈ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ጦርነት በገዛ ራሱ አንደበት ይናገረዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1804 ደግሞ ቶማስ ትሮተር የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ስካር የአእምሮ በሽታ ነው ብሎ መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ፤ አንደኛው በሽታ ነውና አይወቀስ ይላል፤ ሁለተኛው ፈቃድ ነውና ይቀጣ ይላል።

ሁለቱም ወገኖች ፈቃድን እንደ ድንጋይ አንድ ወጥ አድርገው ያዩታል። በሱስ የተያዘ ሰው ፈቃድ ግን ሰዓት አለው። ጧት በሐኪም ቤት ተቀምጦ «ተውሁ» ያለው ሰው አልዋሸም፤ በዚያ ሰዓት በሙሉ ልቡ ትቷል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፥ ምሳ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፥ ቅጠሉም ሲፈታ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። መሐላ የጧቱ ሰው የሰባት ሰዓቱን ሰው ሳይጠይቅ የሚፈርምበት ውል ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከጧቱ ሰው ጋራ ሊነጋገር የሚገባው የሰባት ሰዓቱ ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው፤ በዚያ ሰዓት የት ይሆናል? ገንዘቡስ በማን እጅ ይቈያል? ከባልንጀሮቹ የትኛው ቢጠራው እንቢ ሊል ይችላል? ይህ ከመሐላ ያነሰ ይመስላል፤ ግን ሰው ሊፈጽመው የሚችለው ይህን ነው።

የሚያገረሽም ብዙ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፥ ከሱስ ታክመው ከወጡት ከ100 ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት በዓመት ውስጥ እንደሚያገረሽባቸው፥ የደም ብዛትና የአስም ሕመምተኞችም ከዚህ ባልተሻለ መጠን እንደሚያገረሽባቸው ገለጠ። የደም ብዛት ያለበትን ሽማግሌ ግን ጨው እንዳይቀምስ በታቦት የሚያስምለው ሐኪም የለም። ጨው በልቶ ቢመጣ ይመክሩታል፥ መድኃኒቱንም ይለውጡለታል፤ ውሸታም ብለው ከደጅ አይመልሱትም።

እንግዲህ ባለሙያው መሐላውን ቢመልስ ትክክል ነው። በመሐላው ፈንታ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በቀጠሮው ቀን እንዲመጣ፥ ጠጥቶም ሆነ ቅሞ ቢሆን የሆነውን እንዲናገር። ያፈረሰ ሰው ሊመጣ የሚችልበት ደጅ በአገሩ ከዚህ ሌላ ላይኖር ይችላል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፥ ነፍስ አባቱ ወይም ሼሁ ያዝኑበታል፥ ሽማግሌዎቹም ያፍሩበታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ የሚያነሣውም ሚስት ናት። «እናንተ በቀጠሮ ትታገሡታላችሁ፤ ትዕግሥታችሁን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ» ትላለች። ፍየሏ ተሸጣለች፤ የልጁ የደብተር ገንዘብ በቅጠል ሄዷል፤ ማታ በጨብሲ ሰክሮ ሲመጣ የሚደርስባትን የምታውቀው እርስዋ ናት። በመሐላ ጊዜ ቢያንስ ምስክር ነበራት፤ ሰውዬው ባፈረሰ ቀን ሽማግሌ ጠርታ ትወቅሰው ነበር። አሁን ግን ባለሙያው «አገረሸበት» በሚል ለስላሳ ቃል ወቀሳውን ከእጅዋ የወሰደባት ይመስላታል።

ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በከፊልም እውነት ነው። ባለሙያው ሊሰጥ የሚችለው የራሱን ትዕግሥት ነው፤ የእርስዋን ትዕግሥት አንሥቶ ለባልዋ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ሕመምተኛውን እንደ በሽተኛ ሲያየው፥ እርስዋን እንደ አስታማሚ ብቻ ቢቈጥራት በደል ነው፤ አስታማሚነትን አልተቀጠረችበትምና። ስለዚህ ደመወዙ ወይም የእህሉ ሽያጭ በእጅዋ እንዲገባ ከሰውዬው ጋራ መስማማት የሕክምናው ክፍል ሊሆን ይገባዋል። እጁን የሚያነሣባት ከሆነም፥ «ታገሺው፥ እየታከመ ነው» የሚል ቃል ከባለሙያው አፍ መውጣት የለበትም፤ ወደ ወላጆችዋ ቤት መሄድ ካሻት ትሂድ፤ ሕግ ካሻትም ሕግ ፊት ትቁም። ሰውዬው በሽተኛ መሆኑ ለባለሙያው የሥራ መነሻ ነው፤ ለሚስቱ ግን ዕዳ ሊሆንባት አይገባም። ሽማግሌውም ሼሁም ቄሱም ሥራቸው አልቀረም፤ እነርሱ ይወቅሱ። እርሱ ግን ወቃሽ ሆኖ ከነርሱ ጋራ ቢሰለፍ፥ ሰውዬው እውነቱን የሚናገርለት አንድ ሰው እንኳ ያጣል፤ ይህም በመጨረሻ የሚጐዳው ያችኑ ሚስት ነው።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅና በውጫሌ ያልፋል፤ ዳገቱና ጠመዝማዛው የታወቀ ነው። በዚያ መንገድ ሰው የሚጭን አንድ ሾፌር ወደ ባለሙያው መጣ እንበል። እንደ ተጠየቀው እውነቱን ተናገረ፤ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል፤ ሦስት ሌሊት ያህል ሳይተኛ ይነዳል፤ ባለፈው ሳምንትም መሪውን እንደ ያዘ ዐይኑ ተከድኖ ከገደል አፋፍ ነቃ። ነገ ማታ ደግሞ ይነዳል። ባለሙያው እውነት ተናገር ብሎታል፤ ምሥጢሩንም እንደሚጠብቅለት ነግሮታል። አሁን ለባለ መኪናው ወይም ለመንገድ ትራንስፖርት ቢናገር፥ ሰውዬው እንጀራውን ያጣል፤ ወሬውም በመናኸሪያው በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል እግሩን የሚያነሣ ሾፌር አይገኝም። ዝም ቢል ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት፥ ትኬት ቈርጠው እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ውሉን አልፈረሙም።

እዚህ ላይ ቶሎ የሚመልስ ሰው ነገሩን አላሰበውም። በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ግልጥ ነው፤ ለሾፌሩ ለራሱ በግልጥ ቃል «እስክትድን መሪ አትያዝ» ይባላል፤ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ይጻፍለታል፥ በወረቀቱም ላይ የሕመሙ ስም ሳይጠራ ማረፍ እንደሚገባው ብቻ ይነገራል፤ ረዳቱ ወይም ወንድሙ ለጥቂት ሳምንት እንዲነዳለት መንገድ ይፈለጋል። ከሾፌሮች ብዙው በዚህ ይስማማል፤ ሞትን አፋፉ ላይ አይቶታልና። እንቢ ያለ ጊዜ ግን ምሥጢሩ መሸነፍ አለበት። ይህንንም ባለሙያው ከበስተኋላው ሳይሆን በፊቱ ይነግረዋል፤ «ነገ ከነዳህ እናገራለሁ» ይለዋል። ይህ ወጪ አለው፤ የሚከፈለውም በሌሎች ሕመምተኞች አመኔታ ነው። ስለዚህም ምሥጢር የመጠበቅ ተስፋ ሲሰጥ ከመጀመሪያው ቀን ወሰኑን አብሮ መናገር ይገባል። ወሰኑን የሰማ ሰው ምናልባት ይደብቅ ይሆናል፤ ያልሰማው ግን ይከዳል።

ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ሌላ አደጋ ያገኘዋል፤ ይኸውም መሰልቸት ነው። ያንኑ ሰው በስድስተኛ ጊዜ ሲያየው፥ ገና ሳይቀመጥ ምን እንደሚል የሚያውቅ ይመስለዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዊልያም ሚለር የተባለ ምሁር፥ ሐኪም ጠጪውን ተከራክሮ ለማሳመን በተጋ መጠን ጠጪው መጠጡን ሊከላከል እንደሚነሣ ጻፈ፤ የሚሻለውም ሰውዬው የመተዉን ምክንያት በገዛ አንደበቱ እንዲያወጣው መጠየቅ ነው አለ። በየሽምግልናው የኖረ ሰው ይህን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ለተሰላቸ ባለሙያ ግን ጥያቄ መጠየቅ ከመውቀስ ይከብደዋል፤ መውቀስ ጊዜ አይፈጅምና።

ቀጠሮ የማይመጣም ሁሉ ያፈረሰ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መድኃኒቱም መዝገቡም ባለበት አልተገኘም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም መንገድ የተዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ሰው መኪና አጥቶ ቢመለስ፥ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «አልመጣም» የሚል ብቻ ነው። መሐላ የተቀበለ ባለሙያ ይህን ቃል እንደ ክሕደት ያነበዋል። መሐላ ያልተቀበለው ግን ስልክ ይደውላል። ስልኩን ሚስት ወይም ልጅ ያነሣ እንደ ሆነ፥ ባለሙያው ስሙን ተናግሮ «ቀጠሮው ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል በሉልኝ» ይላል እንጂ የሕመሙን ስም አይጠራም።